ስም ያልተጠራበት ሙሾ

ድብ ባሕር በምትባለው የገጠር ቀበሌ እንደ አልቃሿ እማማ ታየች ሙሾ የሚያወርድ የለም። የገዛ ልጇን ወንዴን «መሬቴን አልለቅም» በማለቱ የወረዳው አስተዳዳሪ ባስገደለው ጊዜ ግን ጎረቤቱ ፈርቶ ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ።

ከዓመት በኋላ ፊልም ሠሪው ምስጋናው ከጎንደር መጥቶ እግሯ ስር ወደቀ። «እማማ፣ ይህን ግፍ አገር ይየው፤ ካሜራ ፊት ያልቅሱለት። ስሙን ብቻ አይጥሩት፤ ለቅሶው የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ይሁን።»

ያለ ስም የሚወርድ ሙሾ ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም አመነችው፤ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች።

ፊልሙ ጎንደር የተመረቀ ዕለት ከፊት ወንበር አስቀመጧት። ያ አስተዳዳሪም አጠገቧ! ለካ ፊልሙን ያሠራው እሱ ኖሯል። ሸራው ላይ ለአገር አንድነት የወደቀ ጀግና አስተዳዳሪ በባንዲራ ተጠቅልሎ ተጋድሟል፤ ገዳዩ መሬቴን አልለቅም ያለ ከሃዲ ገበሬ ነው። ከአስከሬኑ በላይ የሷው ድምፅ፣ የወንዴ ሙሾ፣ ያለቅሳል።

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ምስጋናው ጎንበስ ብሎ «እናት ኢትዮጵያን ሆነው አለቀሱ!» አላት።

«ለልጄ ገዳይ አስለቀስከኝ? የእጅህን ይስጥህ!» ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተነሳችና ደረቷን ደቃች። «ወንዴ! ወንዴ!»

ሕዝቡ የፊልሙ መጨረሻ መስሎት ጭብጨባውን አቀለጠው። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው አስተዳዳሪው ነበር።