በላይኛው ጎል በኩል

እድላዊት ከገበያ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው።

«አባዬ?»

ፌስታሎቹን ኮሪደሩ ላይ ጥላ መኝታ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ልብስ የሚሰጣበትን ትንሽ በረንዳ ሳይቀር አየች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ሰው የሚጠፋባት አይደለችም። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዘራቸው በሩ ጀርባ ቆሟል። የሌሉት ቡናማው ባርኔጣቸውና ዝናብ ልብሳቸው ብቻ ናቸው።

አባቷ አቶ ሀብተሚካኤል አቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በበረኝነታቸው ነበር፤ የፋብሪካውን ቡድን ጎል ፀጉራቸው ገባ እስኪል ጠብቀዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸው ጀመር። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ትናንት የተባለው፣ ከዚያ የበሉት ምሳ። በዚያ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው ነበር። ወጣቱ ሐኪም «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ዓመተ ምሕረቱስ? አሁን ያለነው የት ነው?» እያለ ጠየቃቸው። አቶ ሀብተሚካኤል መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ብቻቸውን እንዳይወጡ። ስትወጪ በሩን ቆልፊው» ብሏት ነበር።

አልቆለፈችውም። አባቷ ላይ ቁልፍ አዙራ መሄድ እጇ እምቢ አላት። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ያህል ምን ይመጣል ብላ ነው የወጣችው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ዚያድ፣ «አባባን? የአቃቂ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ሰላም አልኳቸው፣ ሰላም አሉኝ። ደህና ነበሩ እኮ!» አላት።

አቃቂ። አባቷ አቃቂ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎል የጠበቁበትን ሜዳ። ሜዳው ደግሞ የለም። ባለፈው ግንቦት በቆርቆሮ ታጥሮ እስካቫተር ገብቶበታል። ይህንን ለሳቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። እሷና ጋሽ ፈየራ ተማክረው ነው የደበቋቸው።

ታክሲ ውስጥ ሆና ለጋሽ ፈየራ ደወለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ወጥቷል። ብቻውን። ወደ ሜዳው ነው መሰለኝ።»

«ጉድጓዱ...» ብለው አቆሙ። «ድልድዩ ጋ እጠብቅሻለሁ። ቶሎ ነይ።»

ጋሽ ፈየራ የአባቷ የልብ ጓደኛ ናቸው። ያ ሜዳ ሜዳ ከመባሉ በፊት የሳቸው አባት የከብት ግጦሽ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኞች ድንጋዩን ለቅመው፣ የወዳደቀ የሐዲድ ብረት ተክለው ጎል ሠሩበት። ላሞቹ ግን ነገሩን አልተቀበሉትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታው መሀል ሰተት ብለው ይገባሉ፣ ዳኛውም ፊሽካውን ነፍቶ እስኪወጡ ይጠብቃል። አንድ ቅዳሜ ጎረምሳው ፈየራ ላሞቹን ሊያስወጣ ሲገባ፣ ሰው የጎደለበት የፋብሪካው ቡድን በረኛ «አንተ፣ ዱላህን ጣልና ግባ!» ብሎ ጮኸበት። በረኛው ሀብተሚካኤል ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ጎል ሲጠብቅ ሌላው ፊቱ ይከላከላል፤ ኳሱን ከተዉት በኋላ እንኳ ሌላ ሰው ባለበት ሲቀመጡ ጋሽ ፈየራ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ ነበሩ።

የሐምሌ ዝናብ መንገዱን ዘግቶታል። ከባድ መኪኖች ተደርድረው ታክሲው ፈቀቅ አይልም። እድላዊት መስኮቱን በእጅጌዋ እየወለወለች ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሁሉ ታያለች። ሹፌሩን «ወንድሜ፣ በውስጥ ለውስጥ አይቻልም?» አለችው። «እህቴ፣ ውስጡም ጭቃ ነው» አላት። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ወረደችና በእግሯ ሮጠች።

ጋሽ ፈየራ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ድልድዩ ጋ ቆመዋል። ሰላምታም አልተለዋወጡም። በፋብሪካው አጥር ሥር፣ አሮጌውን ሐዲድ ተከትለው ሄዱ። የቆርቆሮው አጥር አንድ ቦታ ላይ ተገንጥሏል። በዚያ ገቡ።

የታችኛው ጎል የነበረበት ግማሽ ሜዳ አሁን ጉድጓድ ነው። ዝናቡ ሞልቶበታል። ዳሩ ዋልካ ስለሆነ የረገጠውን እግር ይዞ ይንሸራተታል። እና ውሃው ላይ፣ መሀል አካባቢ፣ አንድ ቡናማ ነገር ተንሳፍፏል።

«የሱ ነው!» አለች እድላዊት። «ጋሼ፣ የአባዬ ባርኔጣ ነው!»

«ቆይ ልጄ። ባርኔጣ ብቻ ነው። ቆይ።» ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ማነው ያስገባችሁ? ውጡ!» የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ጎልማሳ ጥበቃ ከቆርቆሮ ጎጆ ወጥቶ መጣ።

«ሽማግሌ ሰው አይተሃል? ረዘም ያሉ፣ ዝናብ ልብስ የለበሱ?» አለችው እድላዊት።

«ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ባርኔጣው እዚያ ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ንፋስ ይሆናል ያመጣው።» ይህን ሲል ፊቷን አላያትም።

እድላዊት ጫማዋን አውልቃ ወደ ጉድጓዱ መውረድ ጀመረች። ዋልካው ከዳትና በጉልበቷ ወደቀች፤ ጋሽ ፈየራ የጃንጥላቸውን እጀታ ዘርግተው ጎትተው አወጧት። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ በኦሮምኛ ያናግሩት ጀመር። ስሙን ጠየቁት፤ ሶሬሳ ይባላል። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። ነገራቸው። አባቱን ያውቁት ነበር። ሶሬሳ አንገቱን ደፋ።

«መጥተው ነበር» አለ በአማርኛ፣ እሷም እንድትሰማው። «ሰው ካስገባህ ትባረራለህ ስላሉኝ ነው። 'ጎሉን የት አደረጋችሁት?' እያሉ እጄን ያዙኝ። እብድ መሰሉኝ። ገፋ ሳደርጋቸው ባርኔጣቸው ወደቀ። እሳቸው ግን አልወደቁም፣ ማርያምን! በዚያ በኩል ነው የሄዱት።»

ያመለከተው ወደ ላይኛው ጎል በኩል ነበር። ያኛው ግማሽ ሜዳ ጠጠር ተደልድሎበት የጭነት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ተሳቢዎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመሀላቸው ሰው በጭንቅ ያልፋል። እድላዊት ባዶ እግሯን በመኪኖቹ መካከል እየሮጠች «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የሞተር ድምፅ ጩኸቷን ይውጠዋል። ከዳር ያለው ተሳቢ ወደ ኋላ መምጣት ጀምሮ ነበር። ከኋላው፣ በመኪና ማቆሚያው ግንብና በጎማው መሀል፣ የአባቷን ዝናብ ልብስ አየች።

ጩኸቷን ሹፌሩ አልሰማም። ጋሽ ፈየራ የመኪናውን ጎን በጃንጥላቸው እጀታ እየደበደቡ ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። ሙህሲን የሚባለው ሹፌር ዘሎ ወረደና ከኋላ ያለውን ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ያ አላህ! አይታዩም እኮ! በመስታወት ጭራሽ አይታዩም!»

አቶ ሀብተሚካኤል ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ቆመዋል። ራሳቸው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ልጃቸው አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም እጃቸውን አላነሱም። የሚያዩት ጋሽ ፈየራን ነበር።

«ፈየራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።»

«ጠይቀኝ፣ ሀብቴ።»

«ይሄ ሜዳው ነው?»

ጋሽ ፈየራ እድላዊትን አዩዋት።

«ያ ሐኪም ሲጠይቀኝ አልመለስኩም» አሉ አቶ ሀብተሚካኤል። «እሺ፣ ዓመተ ምሕረቱ ይጥፋኝ። ሜዳውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሄጄ ልየው፣ እሱን ካወቅኩ ገና ሰው ነኝ አልኩ። መጣሁ። ሐዲዱ አለ። የፋብሪካው የውሃ ጋን አለ። መሀል ላይ ሜዳው የለም። ልጁን ብጠይቀው ገፈተረኝ። ስለዚህ እኔ ነኝ አልኩ። አለቀልኝ አልኩ። ልመለስ ብል መውጫው ጠፋኝ።»

«አንተ አይደለህም» አሉ ጋሽ ፈየራ። «ሜዳው ነው የጠፋው። ቆፈሩት።»

«መቼ?»

«በግንቦት።»

«ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር፣ አባዬ» አለች እድላዊት። «እንዳታዝን ብለን ነው።»

አቶ ሀብተሚካኤል ጎማው ላይ ተደገፉ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ከራሴ ውስጥ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

ሙህሲን ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ የራሱን ፎጣ ሰጣቸው። ቱሉ ዲምቱ ድረስም በቤት መኪና የሚያደርሳቸው ሰው ለመነላቸው። አቶ ሀብተሚካኤል መንገዱን በሙሉ የልጃቸውን እጅ ይዘው ነበር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁርስ ላይ፣ «ቅዳሜ ሜዳ እንሂድ እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸው ፈክቶ። እድላዊት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እሺ ማለት ቀላል ነበር።

«አባዬ፣ ሜዳው ተቆፍሯል። አብረን አይተነዋል።»

ፊታቸው እንደገና ጠቆረ፣ ልክ ያን ዕለት እንደጠቆረው። በማግስቱም ጠየቁ። በማግስቱም ነገረቻቸው። ማታ ለጋሽ ፈየራ ደውላ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ በየቀኑ መርዶ እያረዳሁት ነው። ዝም ብል ይሻል ይሆን?»

«እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ስንዋሸው ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ፊቱን አይተሻል። ቅዳሜ እኔ እወስደዋለሁ፤ በዓይኑ እያየ ሐዘኑን ይወጣ» አሏት።

ቅዳሜ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ። እድላዊት በረንዳው ላይ ቆማ ታክሲ እስኪገቡ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ የጀመረችው ሥራ ሁሉ አልያዝላት አለ፤ ሩዝ እየለቀመች ስልኩን ታያለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ሲጮህ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

«ደርሰናል» አሉ ጋሽ ፈየራ። «ሶሬሳ አስገብቶናል፤ ወንበርም አምጥቶልናል። ኮርናው በየት በኩል እንደነበር አባትሽ እየተከራከረኝ ነው።»

«ጋሼ፣ ጉድጓዱ ዳር አትቁሙ!»

«ራቅ ብለናል። አይዞሽ።»

ከኋላ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ከፍ ብሎ፣ ተቆጥቶ፣ የሆነ የድሮ ተጫዋች ስም እየጠራ። ስሙን ደጋግመው ተሳሳቱ፤ ጋሽ ፈየራም አላረሟቸውም።

«ልዝጋው?» አሏት።

«አይዝጉት» አለች እድላዊት። «ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት፤ እኔ እሰማለሁ።»