ኩሳካ እጅ ያልሰጠችበት እሑድ

ካጂዋራ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእጇ የማይለዩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እርሳስና ደብተር። ደብተሩ ውስጥ የመጪው ዓመት ትግል ሁሉ ሰፍሯል፤ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ማን እንደሚያሸንፍ፣ በስንተኛው ደቂቃና በየትኛው መያዣ። "ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ትግል ደግሞ ምኑ ትግል ነው?" የሚል ሰው ሲያጋጥማት አትቆጣም። "ሰርግ ሄደህ ታውቃለህ?" ትለዋለች። "ማን ማንን እንደሚያገባ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ታዲያ እናትየዋ ለምን ታለቅሳለች?" ይህን ብላ መልስ ሳትጠብቅ መንገዷን ትቀጥላለች።

በአሠልጣኝነት የምትሠራበት የትግል ድርጅት ትንሽ ነው። ዐሥራ አራት ሴት ታጋዮች አሉት፤ ካዋጉቺ ውስጥ ድሮ ብረት ማቅለጫ የነበረ አንድ የልምምድ ቤትና በወር ሁለት እሑድ ቶኪዮ ላይ የሚከራየው አዳራሽ አለው፤ በቃ ይኸው ነው። ትንሽ ይሁን እንጂ ካጂዋራ በማንም ትልቅ ቤት አትለውጠውም። እዚህ ቤት ታጋይ ይበቅላል እንጂ ከውጭ አይመጣም። አዲስ የገባች ልጅ ጥቁር ልብስ ብቻ ትለብሳለች፤ ቀለም የለ፣ ጌጥ የለ፣ የመግቢያ ሙዚቃ የለ። የተፈቀዱላት አራት ነገሮች ናቸው፤ በክርን መምታት፣ አንስቶ መጣል፣ ዘሎ በሁለት እግር መምታትና ሸርጣን የሚሉት መያዣ። ሸርጣን ማለት ተጋጣሚን በሆዷ አስተኝቶ፣ ሁለት እግሯን በብብት ይዞ፣ ጀርባዋ ላይ መቀመጥ ነው፤ ወገብ ወደ ኋላ ይለመጣል። ጥቁር ለባሿ በዚህ መያዣ ትሸነፋለች። በሚቀጥለው እሑድም ትሸነፋለች። ሕዝቡ ሽንፈቷን ቆጥሮ ቆጥሮ አንድ ቀን "አሁንስ በቃት!" ሲል፣ ያን ቀን ኮከብ ተወለደች ማለት ነው። ካጂዋራ ሌላ መንገድ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም።

የዚያን ዓመት ራስ ምታቷ የጎንዳ ጉዳይ ነበር። ሹኮ ጎንዳ የቤቱ ሻምፒዮን ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ታግላለች፤ ካጂዋራ በእጇ ያሠለጠነቻት የመጀመሪያዋ ልጅም እሷ ናት። አሁን አርባ ስድስት ሞላት፤ አንገቷ አልቋል። ሐኪሙ "ከሚያዝያ በኋላ ሪንግ ውስጥ ብትገቢ እኔን እንዳትጠሪኝ" ብሏታል። ስለዚህ በሚያዝያ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ለአንዷ አስረክባ መውጣት አለባት። ለማን? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት ሱናጋ መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

"ኢሮሃ!" አለ፣ ሶባ የሚሉትን የፓስታ ሾርባ እየማገ። "ቴሌቪዥን ላይ ስትዘፍን የኖረች ልጅ ናት፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሦስት ወር አሠልጥኛትና ቀበቶውን አስታጥቂያት። አዳራሹ ሞልቶ ይፈሳል።"

"መፍሰሱንማ ይፈሳል፤ ከፈሰሰ በኋላ ነው ችግሩ" አለች ካጂዋራ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?"

"ያንቺዋስ ማን ናት?"

"ኩሳካ።"

ሱናጋን ትን አለው። "ያቺ ስልሳ አንድ ጊዜ የተሸነፈችው?"

"ስልሳ አንድ ጊዜ የተነሣችው።"

"ተይ እባክሽ! ሕዝቡ እኮ ስሟን እንኳ አያውቅም!"

ይህስ እውነት ነበር። ሚቱሆ ኩሳካ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ በስተሰሜን ሩቅ አኦሞሪ ውስጥ ፖም ከሚያለሙ ሰዎች ቤት የመጣች፣ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቃል ከአፏ በግድ የሚወጣ። መልክ አላት አይባልም፤ የላትም አይባልም። ካጂዋራ ግን አንድ ነገር አይታባታለች። ሌሎቹ ልጆች ሲወድቁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ኩሳካ ስትወድቅ ዓይኗ የጣለቻትን ሴት ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ማንም አሠልጣኝ አያስተምርም።

"እሑድ ከጎንዳ ጋር ላግጥማት" አለች ካጂዋራ። "ቀበቶው አይነካም። በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በሸርጣን ትሸነፋለች። ስትሸነፍ ሕዝቡ ከተነሣላት ዓመቱን ለእኔ ይተዉልኝ። ካልተነሣ ደብተሩን ከነእርሳሱ ይውሰዱት፤ ኢሮሃን ያንግሡ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።"

ሱናጋ ሳህኑን አስቀመጠ። ሴትዮዋ እንዳልቀለደች ገባው። "መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አያለሁ" አለ። "እጅ ስትሰጥ ሰዉ ወደ ምሳ ዕቃውና ወደ ሽንት ቤት ማየት ከጀመረ፣ አለቀልሽ።"

ካጂዋራ ለኩሳካ ውርርዱን አልነገረቻትም። "እሑድ ከጎንዳ ጋር ነሽ፤ በዐሥራ ሁለት ደቂቃ እጅ ትሰጫለሽ" አለቻት፤ ልጅቱም "እሺ፣ ካጂዋራ ሳን" ብላ በአክብሮት ጠርታት ወደ ቁጭ ብድግዋ ተመለሰች። አምስት መቶ ነበር የታዘዘችው፤ ሦስት መቶ አርባ ላይ ነበረች።

እሑድ ቀትር ላይ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ሞላ። ጥቁር ለባሾች ሲታገሉ አሠልጣኛቸው ነጭ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጥጉ ላይ ትቆማለች፤ የቤቱ ልማድ ነው፤ ፎጣው ሪንግ ውስጥ ከተወረወረ ታጋይዋ ተሸነፈች ማለት ነው። ካጂዋራም ቆመች። ጎንዳ በሙዚቃዋ ስትገባ ሕዝቡ ዘመረላት፤ ኩሳካ ቀድማ ገብታ ቆማ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም።

ጅማሬው አያድርስ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ ኩሳካ ዘሎ መምታት ሞከረች፤ ጎንዳ ዘወር አለችና ልጅቱ ባዶ አየር መትታ በፊቷ ተደፋች። ይህ ደብተሩ ላይ አልነበረም። ከግራ በኩል ሳቅ ተሰማ። አንድ ሰውዬ አገሯን ከትርዒቱ ፕሮግራም አንብቦ "አኦሞሪ ድረስ ተሰማ!" አለ፤ ሰዉ የበለጠ ሳቀ። ካጂዋራ ዞራ ወደ መጨረሻው ረድፍ አየች፤ ሱናጋ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሩዙን በቾፕስቲክ ይቆነጥራል። አለቀልኝ አለች በሆዷ።

ጎንዳ ልጅቱን በፀጉሯ አነሣቻትና በጥፊ አጮለቻት። የትያትር ጥፊ አልነበረም፤ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። "በወር ሁለቴ የምትመጪው ለመተኛት ነው?" አለቻት፣ ፊተኛው ረድፍ እስኪሰማ።

ኩሳካ ጥርሷን ነከሰችና በክርኗ መለሰችላት። አንድ። ጎንዳ ፈገግ አለች። ሁለት። ሦስት። ስምንተኛው ላይ ፈገግታው ጠፋ፤ ዐሥራ አንደኛው ላይ ሻምፒዮኗ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሃያ ስድስት ዓመት የታገለችን ሴት አንዲት ጥቁር ለባሽ በአንድ ክርን ብቻ ወደ ኋላ ስትገፋ ሰዉ ሳቁን ዋጠ። የተፈቀደላት እሱ ነው፤ ባላት ነገር ነው የመጣችው። ካጂዋራ ሳታውቀው ፎጣውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጎንዳ ልጅቱን ገልብጣ ሁለት እግሯን ያዘችና ሸርጣን ውስጥ ከተተቻት። እንግዲህ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ኩሳካ ምንጣፉን በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታ ታደርጋለች፤ ደወሉ ይደወላል፤ የሚሆነው ይሆናል።

ኩሳካ አልመታችም።

ፊተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ነበረች። ፕሮግራሙ ላይ አጎንብሳ ስም ፈለገች፤ አገኘችና "ኩሳካ!" ብላ ጮኸች። ጎኗ ያለው ሰው ደገመው። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ቀጥሎ በስተግራ ያሉት፣ ቅድም የሳቁት ራሳቸው፣ "ኩ-ሳ-ካ! ኩ-ሳ-ካ!" እያሉ ወለሉን በእግራቸው ይመቱ ጀመር። ልጅቱ በክርኗ መዳህ ያዘች። ፊቷ የበሰለ ፖም መስሏል። ጎንዳን ጀርባዋ ላይ እንደተሸከመች አንድ ስንዝር፣ ሌላ ስንዝር፣ በመጨረሻ ጣቷ ገመዱን ነካ። ገመድ ከተነካ መያዣ ይለቀቃል፤ ሕግ ነው። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ።

"ምን እየሠራች ነው?" አለች ጎንዳ እያለከለከች፣ ጥጉ ዘንድ መጥታ። "እጅ መስጠት ረሳች እንዴ?"

"እኔን ትጠይቂያለሽ? ብቻ ጨርሺው!" አለች ካጂዋራ።

መጨረስ ቀላል አልሆነም። እንደገና ክርን፣ እንደገና ጥፊ፣ እንደገና መውደቅና መነሣት። ሻምፒዮኗ ልጅቱን እግሯን ጎትታ መሐል ሪንግ ላይ ዳግመኛ ሸርጣን ውስጥ ስትከታት ሰዓቱ ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል። ሃያ ከደረሰ አቻ ነው። ካጂዋራ በላብ ተጠመቀች። ከሻምፒዮን ጋር አቻ የወጣች ልጅ ነገ ምን ይቀራታል? ሕዝቡ ዛሬ ጠግቦ ይሄዳል፤ ካጂዋራ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ተርቦ እንዲቆይ ነው የምትፈልገው። ጎንዳ ደግሞ ዝም ብላ ብትለቅ ሻምፒዮኗ ፈራች ይባላልና ቀበቶው ጨርቅ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የልጅቱ ወገብ የእውነት ወገብ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ። ኩሳካ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ አልሰጥም።

ካጂዋራ በሃያ ሰባት ዓመት የአሠልጣኝነት ዘመኗ ፎጣ ወርውራ አታውቅም። ወረወረችው።

ደወሉ ተደወለ። ያ ሁሉ ሰው በካጂዋራ ላይ ተነሣ። "ማን ጠየቀሽ!" "እጅ አልሰጠችም እኮ!" "ሴትዮ፣ ፎጣሽን ይዘሽ ውጪ!" አሮጊቷ ቦርሳዋን እየነቀነቀች ትሳደብ ነበር። ካጂዋራ በሕይወቷ እንዲህ ተሰድባ አታውቅም፤ እንዲህም ደስ ብሏት አያውቅም። አንገቷን ደፍታ ስድቡን እንደ ዝናብ ተቀበለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ባትይዘው ኖሮ ሳቋ ያመልጣት ነበር።

ከመጋረጃው ኋላ ኩሳካ ወገቧ ላይ በረዶ ታስሮላት አግዳሚ ላይ በሆዷ ተኝታለች። ጎንዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተዘርግታ አንገቷን ታሻለች።

"ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር ያልኩሽ" አለች ካጂዋራ። ቆጣ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። "ለምን እጅ አልሰጠሽም?"

"ይቅርታ፣ ካጂዋራ ሳን" አለች ኩሳካ ፊቷን አግዳሚው ውስጥ ቀብራ። "ልሰጥ ነበር። ግን ስሜን ጠሩኝ። ሰው እየተጠራ ዝም ይላል እንዴ?"

ካጂዋራ የወገቧን በረዶ አስተካከለችላት።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተና ሱናጋ ገባ። ክራቫቱ ላይ ሩዝ ተለጥፏል፤ ድምፁ ተዘግቷል። "ያቺን ፎጣ የወረወረች ጨካኝ አሮጊት የታለች እያልኩ ወንበር ላይ ወጥቼ ስጮህ..." አለ እያቃሰተ፣ "አንቺ መሆንሽን ረስቼው እኮ ነው! የምሳ ዕቃዬን ፊቴ ያለው ሰውዬ ላይ ደፋሁት።" ከዚያ እጆቹን አፋተገ። "በይ አሁን ጊዜ አናባክን። በሚቀጥለው እሑድ አሸናፊ አድርጊያት! ቀይ ልብስ፣ ሙዚቃ፣ መብራት!"

"በሚቀጥለው እሑድ ትሸነፋለች" አለች ካጂዋራ። "ከዚያ በኋላም ትሸነፋለች። ዓመቱ የእኔ ነው፤ በቃልዎ ይቁሙ።"

ሱናጋ የክራቫቱን ሩዝ አንድ በአንድ እየለቀመ "ኢሮሃስ?" አለ።

"ጥቁር ልብስ ትልበስና ትጀምር። በሩ ክፍት ነው።"

ጎንዳ ከተኛችበት ሳትነሣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "ካጂዋራ ሳን፣ ደብተርዎን ያውጡ" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት ስታገል ተሸንፌያለሁ፣ ክንዴ ተሰብሯል፣ ራሴን ስቼ ተሸክመውኛል። እጅ ሰጥቼ ግን አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። በሚያዝያ ለዚህች ልጅ እሰጣለሁ። መሐል ሪንግ ላይ፣ በሸርጣን፣ በራሴ መዳፍ። ይጻፉት።"

ካጂዋራ እርሳሱን አወጣች። ሻምፒዮን ቀበቶ የምታስረክብበት መንገድ ብዙ ነው፤ ጎንዳ ከሁሉ የከበደውን ነው የመረጠችው። ከዚያ የበለጠ ስጦታ በዚህ ቤት የለም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መስመሩን በትክክል ማየት አልቻለችም፤ ቢሆንም ጻፈችው።

ኩሳካ በረዶውን ፈትታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

"ወዴት ነው?" አለ ሱናጋ።

"ወንበር ማጠፍና መጥረግ። ዛሬ ተራዬ ነው።"

"ዛሬማ ይቅርብሽ!"

"ለምን ይቀርባታል?" አለች ጎንዳ። "ተራዋ ከሆነ ተራዋ ነው።"

ልጅቱ መጥረጊያውን ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ካጂዋራ ተከትላት መጋረጃው ጋ ቆመች። ትርዒቱ አልቆ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ፣ ወደ መውጫው እየተጋፋ ነበር። ኩሳካ የመጀመሪያውን ወንበር አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ሁለተኛውን አነሣች። በሩ ዘንድ የነበረ አንድ ሰው አያትና ቆመ። ጎኑ ያለውን በክርኑ ነካው። ቀስ በቀስ የወጡት ተመለሱ፤ የተቀመጡት ተነሡ፤ ጭብጨባው ከጥግ ተነሥቶ አዳራሹን ሞላው።

ኩሳካ ወንበሩን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ለማን እንደሚያጨበጭቡ ግራ ገብቷት ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።