ዘቢባ የጠበቀችው ድስት

ጋሼ ከማለዲን ጠርሙሱን ሲንኩ ውስጥ ዘቀዘቀው። ነጩ መጠጥ አረፋ እየደፈቀ ወረደ።

«ሳኬ ነው!» አለ፣ ጎረቤት እንዲሰማለት የፈለገ ይመስል። «ጃፓኖች የሚሰክሩበት የሩዝ አረቄ! በኔ ቤት! ለታመመች ሚስቴ!»

«ሳኬ አይደለም ጋሼ፣ አማዛኬ ነው። አልኮል የለውም» አለች ራቢዓ።

«ስንት ሰካራም በታክሲዬ ስጭን የኖርኩ ሰው፣ ሽታውን ካንቺ ልማር?»

ራቢዓ ባዶውን ጠርሙስ ነጥቃ አሸተተች። እውነትም ጠላ ጠላ ይላል።

ዲቪ ደርሷት ከደሴ ኦክላንድ ከገባች ወዲህ የምትኖረው ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ አክስቷ ዘቢባና ባሏ ከማለዲን ቤት ነው። ሥራዋ ሳን ሆዜ፣ ሚስስ ኖዳ የሚባሉ ጃፓናዊት አሮጊት ሱቅ ውስጥ ሩዝ መቀቀል ነው። ዘቢባ ኤልኒኞ የሚሉት የአየር መዛባት ዝናብ ባበዛበት በዚያ ክረምት ጨጓራዋን ኦፕሬሽን ከሆነች በኋላ የቀመሰችውን ሁሉ ትመልስ ነበር። አጥሚቱ ወጣ፤ ሾርባው ወጣ፤ ከሐኪም ቤት የተሰጣት የቆርቆሮ ወተትማ ከጉሮሮዋም አልወረደ። ራቢዓ ከሚስስ ኖዳ ተምራ የሠራችላት አማዛኬ ግን ገብቶ ቀረ። ኮጂ የሚሉት፣ ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ፣ የኛ ብቅል የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ የተቀቀለውን ሩዝ አላምጦ፣ አጣፍጦ ለሆድ ያቀብላል። በሚስስ ኖዳ አገር የበጋ ሙቀት ያዛለው ሰው የሚጠጣው ይህንኑ ነው። ዘቢባም በሱ በርትታ ግድግዳ ሳትደገፍ እስከ መስኮቱ መሄድ ጀምራ ነበር።

ከሲንኩ በኋላ ግን አፏን ዘጋች።

«እቴቴ፣ ሌላ ላምጣልሽ።»

«ሐራም አፌ ከሚገባ እንዲሁ ብሞት ይሻለኛል፣ ልጄ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ራቢዓ በማግስቱ ሳን ሆዜ ስትደርስ ሽርጧን እንኳ ሳታስር ነገሩን ለሚስስ ኖዳ ዘረገፈችው። አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ሂተር ሥር። በጋቢ ጠቅልዬ።»

«ስንት ቀን?»

ራቢዓ ጣሪያውን አየች። አንድ ሌሊት ከበቃው በኋላ አፍልተሽ ፍሪጅ አስገቢ ተብላ ነበር። እሷ ግን ቃሪቦ፣ ያ ጌሾ የማይነካው የወሎ እስላም የገብስ መጠጥ፣ ሲጠመቅ እያየች ያደገች ናት፤ ሲሰነብት የሚበስል መሰላት። ማንንም አልጠየቀችም። መጠየቅ አትወድም።

«ሳኬ ሠርተሻል» አሉ ሚስስ ኖዳ። «ያውም መጥፎ ሳኬ። አጎትሽ ግን አፍንጫው ጎበዝ ነው፤ ሥራ ከፈለገ ላኪልኝ።»

ወደ ኦክላንድ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከራሷ ጋር ስትሟገት መጣች። ብታምን ከማለዲን ዕድሜ ልኩን ይሰብካታል። ብትደብቅ ዘቢባ ዳግመኛ አትቀምስላትም። ዘቢባ ደግሞ ጉንጯ እየጎደጎደ ነው።

እሑድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አክስቷን ደግፋ ኩሽና አስቀመጠቻት። ሩዙን ዓይኗ እያየ አበሰለች፤ አብርዳ ኮጂውን ቀላቀለች፤ እጅ ችሎ የማይቆይበት ሙቀት ላይ ሲደርስ በፎጣ ሸፈነችው።

«እኔን አትመኚ» አለቻት። «አንቺው ጠብቂው።»

ከዙህር ሶላት በኋላ ከማለዲን ሼኽ አብዱራሕማንን ይዞ ለጥየቃ ገባ። ጣፋጩ ሽታ በሩ ላይ ተቀበላቸው።

«ይኸው፣ ደግሞ ጀመረች! ሼኽ፣ በዓይንዎ ይዩልኝ።»

ራቢዓ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ይዩ። የባለፈው ሰክሮ ነበር። ጋሼ ልክ ነበሩ።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ!»

«አልጨረስኩም። ሩዙ አይደለም ያሰከረው፣ እኔ ነኝ። የማውቅ መስሎኝ ሙቀት ላይ አሰነበትኩት። የወይን ጭማቂም ቢሰነብት ይሰክራል፤ ነገ ሱፐርማርኬት ገብተው ጭማቂ ሊደፉ ነው?»

ሼኹ ጺማቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። «ጌሾ አለው?»

«የለውም።»

«እርሾስ?»

«የለውም። ሩዝ፣ ውኃ፣ ኮጂ። ጠዋት ገባ፣ አሁን እሳት ላይ ይፈላል፣ ከዚያ ፍሪጅ።»

«መድኃኒት ነው የምትይው?»

«አልዋሽም። ቁስሏን ሐኪሙና አላህ ያውቁበታል። ይኼ ሆዷ የማይመልሰው ምግብ ነው።»

«ምስክርሽ ማነው?» አለ ከማለዲን። «አንቺው ለራስሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ዘቢባ ከኩሽና። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ግን ሁሉም ዞረ። «ከሱብሂ ጀምሮ እጄ ክዳኑ ላይ ነው። የሰገድኩትም እዚሁ ወንበር ላይ ነው። አንተ ተኝተህ ነበር፣ ከማል።»

ሼኹ ኩሽና ገብተው አንድ ማንኪያ ቀምሰው ከንፈራቸውን ላሱ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘቢባ ቀድማ «ቢስሚላህ» ብላ ራቢዓ የቀዳችላትን ኩባያ ጨልጣ ነበር። አሁን ሁሉም ዓይን ሆዷ ላይ ተተከለ። ከማለዲን ሳይቀር ትንፋሹን ያዘ። ዘቢባ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንዴ አገሳች።

«አልሐምዱሊላህ። ጨምሪልኝ።»

ራቢዓ ጨመረችላት። ከማለዲን ጉሮሮውን ጠራርጎ ባዶ ኩባያ ከመደርደሪያው አነሳ።

«ለኔም በይ… ለማጣራት ያህል።»

«እርስዎ ስኳር አለብዎት፣ ጋሼ። ይኼ ደግሞ ስኳር በስኳር ነው።»

«በገዛ ቤቴ ልትከለክይኝ?»

«ከልክያለሁ» አለች ራቢዓ፤ ድስቱን ወደ አክስቷ ገፋችው።