ትርፍ አፍንጫ

አንሴልም ነገሩን የሰማው በልጅነቱ፣ በፈረንሳይ ብሬታኝ ውስጥ፣ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ነው። ድንጋይ ጠራቢው አባቱና ቄሱ ስለ አንዲት አሮጌ የእመቤታችን ሐውልት ያወራሉ። ቄሱ «ዝናቡ ፊቷን በላው እኮ» ሲሉ አባቱ የሆነ ነገር መለሰ፤ ቄሱም ሳቁ። መልሱ ግን ከአንሴልም ጭንቅላት ከጠፋ አርባ ዓመት አለፈው።

ዛሬ አንሴልም ፓሪስ፣ ሞንፓርናስ መቃብር አጠገብ፣ ለመቃብር የሚሆኑ መላእክት ይጠርባል። ቀራፂዎችም በጀሶ የሠሩትን እያመጡ በድንጋይ ያስጠርቡታል። ኤቴልካ የምትባለው ሀንጋሪያዊት ቀራፂ ያመጣችለት የተቀመጠች ሴት ምስል ናት። ጉልበቷ ሣጥን፣ ደረቷ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ፣ ፊቷ ደግሞ አንድ ሽብልቅ ብቻ። ሰኞ ለኤግዚቢሽን ትቀርባለች። ዳኞቹ ካልተቀበሏት ኤቴልካ ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው።

ሐሙስ ሥራውን ልታይ መጣችና በሩ ላይ ድርቅ ብላ ቀረች።

«ሙሴ አንሴልም! ይሄ ምንድን ነው?»

«አፍንጫ ነዋ።»

«እኔ አፍንጫ ሰጥቼዎታለሁ?»

«ረስተሽው መስሎኝ! ደግሞ አሳዘነችኝ፤ በምን ትተንፍስ?»

«የእርስዎ መላእክት ይተነፍሳሉ?»

«ባይተነፍሱም አፍንጫቸው ያምራል!»

ኤቴልካ ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣት። አፍንጫው እውነትም ያምራል።

«ችግሩ እሱ ነው» አለች። «ሰው አፍንጫዋን ብቻ አይቶ ይሄዳል።» በመዳፏ ሸፈነችው። «እስቲ ከበሩ ሆነው ይዩዋት። ምን እያደረገች ነው?»

አንሴልም መነጽሩን ከአቧራ ጠርጎ በሩ ጋ ቆመ። ያ ዘንበል ያለ አንገት፣ ወደ አንድ ወገን ከፍ ያለ ትከሻ…

«ታዳምጣለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን የምታዳምጥ ሴት።»

«እናቴ ናት።»

ያኔ የአባቱ መልስ ትዝ አለው፤ ወይም ትዝ ያለው መሰለው። «ምን ቸገረን አባ፣ አንገቷን እስካዘነበለች ድረስ ትሰማናለች።» አንሴልም አማተበ።

«ትርፍ ድንጋይ ትቼ ስለ ነበር አፍንጫው ይነሳል» አለ። «ግን እንዲህ ያለ አፍንጫ ሁለተኛ የሚወጣልኝ ይመስልሻል?»

«ለሚመጣው መልአክ ይወጣልዎታል።»

አንሴልም አፍንጫውን በአውራ ጣቱ አንዴ ዳበሰውና ትንሿን መሮ አነሳ።

«እሺ ልጄ፣ አነሳዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ግን ታገሺኝ፤ እሁድ ድንጋይ አልነካም።»