ከጥምጥሙ ሥር

ቄስ ገዳሙ ግራ ጆሯቸው ጫፍ ላይ የወጣችውን ቁስል መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠሯትም። የምስር ፍሬ ብታህል ነው፤ ትደርቃለች፣ ትላጣለች፣ ደግሞ ትደማለች። ዕድሜ ልኩን የእርሻ ፀሐይ የመታው ጆሮ ቢላጥ ምን ይገርማል?

ሚስታቸው የብርጓል ግን ጎትጉታ ጎትጉታ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ከቁስሏ ቆንጥረው መረመሩ። በቀጠሮው ቀን ወጣቷ ሐኪም ረጋ ብላ አስረዳች።

«አባ፣ የቆዳ ካንሰር ነው። ደግነቱ ገና ሲጀምር ደርሰንበታል። ከጆሮዎ ጫፍ ትንሽ ቆርጠን ብናወጣው ይድናሉ።»

የብርጓል እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቄሱ ግን «ይድናሉ» የሚለውን አልሰሙም፤ የሰሙት «ቆርጠን» የሚለውን ብቻ ነው።

የፈሩት ምላጩን አልነበረም። ደብረ ወርቅ ሲማሩ አንድ ጓደኛቸው ጣቱን መጥረቢያ ቢወስደው «አካልህ ጎድሏል» ተብሎ ቅስና ቀርቶበታል። ያ ነገር በልባቸው ተተክሎ ቀረ። ለቄስ ገዳሙ ደግሞ ቅዳሴ ከእህል ከውሃ ይበልጥባቸዋል። ከመቅደስ ከሚወጡ ሞትን ይመርጣሉ፤ መረጡም።

ያስተማሯቸው የኔታ ወልደ ገብርኤል በሕይወት አሉ፤ ሄዶ አንዲት ቃል መጠየቅ ነበር። ግን ጠይቀው «አትቀድስም» ቢባሉስ? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያሉ ስንቱን ተማሪ የገሠጹ ሰው፣ ራሳቸው ጠምጥመው ዝም አሉ። ጥምጥማቸውንም ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ይሸፍኑበት ጀመር።

«አንቱ ሰው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» ትላለች የብርጓል።

«ጸበል ይዣለሁ» ይሏታል። ጸበሉንስ ይዘዋል፤ ሐኪሟም ብትሆን ጸበል ይተዉ አላለችም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ቁስሉ ከምስርነት አልፎ ጆሮውን እየበላ ሄደ። የብርጓል አጥባ ያነጣችው ጥምጥም ቅዳሴው ሳያልቅ የደም ነጠብጣብ ያወጣል። አገሩ ሁሉ አይቶ ያንሾካሹካል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ዘንድ የደረሰ ወሬ የለም። በኋላ ከጆሯቸው ሥር፣ አንገታቸው ላይ፣ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወጣ። የብርጓል ዳብሳው አለቀሰች፤ ያን ጊዜ እሺ ብለው ተከተሏት።

ያችው ሐኪም ነበረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ወደ አንገት ወርዷል፣ ሳንባም ላይ ታይቷል። ሕመሙን ግን እናስታግስልዎታለን» አለች።

ሲመለሱ ቄሱ ደብረ ወርቅ ላይ ከሚኒባሱ ወረዱ። የኔታን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸውና ከዚያ ጓደኛቸው ጣት ጀምረው እስከ ሳንባቸው ድረስ ሁሉን ነገሯቸው።

«ልጄ» አሉ የኔታ፣ «ያ ጓደኛህ ሳይሾም የጎደለ ነው። አንተ የተሾምህ ካህን ነህ። ሐኪም ለደዌ የቆረጠው ካህን ከክህነቱ አይሻርም።»

«እንዴ! ብቆረጥ ኖሮ እቀድስ ነበር?»

«ማን ይከለክልሃል? የሚከለክለውስ የሚደማ ቁስል ነው። ደም እየፈሰሰው መቅደስ የሚገባ ካህን...» ዓይናቸው ጥምጥሙ ላይ አረፈና ነገራቸውን ሳይጨርሱ አቀረቀሩ።

ቄስ ገዳሙ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። ጣታቸው ረጥቦ ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ደወል ሲደወል ያለ ጥምጥም ወጡና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሙ። ጆሮ የነበረው ቦታ ለፀሐይም ለሰውም ተገልጧል። ከውስጥ የሌላ ቄስ ድምፅ ይሰማል።

«አንቱ፣ ቅጥሩን እንኳ ይለፉ እንጂ» አለች የብርጓል እጃቸውን ይዛ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ገባሁ፣ የብርጓል» አሉ። «መግባት በማይገባኝ ጊዜ ሁሉ ገባሁ።»