አራተኛው ዲስክ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በአገሩ አቆጣጠር ልክ በአራት ሰዓት፣ ቤይሩት ባዳሮ ሰፈር ውስጥ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ይከፈታል። ይህ በሙስዩ ናዲም አንደበት፣ በቁርስ ሰዓት፣ በይፋ ተነግሯል። ሙስዩ የአፍ መጥረጊያቸውን አራት ቦታ አጥፈው አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ "ዛሬ አራተኛውን እናያለን" አሉ። ሚስታቸው ማዳም ሎራ መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቷን ደፋች። እኔ የዘይቱኑን ሳህን አንሥቼ ወደ ኩሽና ገባሁ።

አራተኛው ዲስክ ከፋሲካ ጀምሮ ኩሽና ውስጥ፣ የሩዙ ጆንያ ሥር ተኝቷል። ይህን የማውቀው እኔ እስከዳር ብቻ ነኝ።

በዚህ ቤት በሠራተኝነት ስድስት ዓመቴ ነው። ሙስዩ ሰማንያ አንድ ሞልቷቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በዓለም ላይ ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት አንድ ሰው ቢኖር ክላይድ ሃርዊን የሚባል የድሮ የሆሊውድ ተዋናይ ነው። ፊልም አፍ ሳይፈታ የሞተ ሰው ስለሆነ ቃል አይተነፍስም። ካናዳ ያለው ልጃቸው የሰውዬውን ፊልሞች ሰብስቦ በዘጠኝ ዲስክ ላከላቸው። ዲስኮቹ ሙዚቃ እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ሙስዩ በባትሪ የምትሠራ አሮጌ ቴፕ አጠገባቸው አስቀምጠው የፒያኖ ካሴት ያጫውታሉ። ለምን በባትሪ ሲባሉ "መብራት አይታመንም" ይላሉ። ቤይሩት ውስጥ በዚህ ነገር የሚከራከራቸው የለም።

እውነቱን ለመናገር ክላይድን እኔም እወደዋለሁ። አወዳደቁን ነው የምወደው። ከደረጃ ላይ ተንከባሎ መሬት ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው ተስፈንጥሮ አይነሣም። እዚያው እንደተጋደመ ባርኔጣውን በእጁ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው አቧራውን በክርኑ ይጠርጋል፣ አናቱ ላይ ያስተካክላል፤ ራሱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሳየው እስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ካውያውን አቁሜ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። በዚህ አገር አረብኛም ፈረንሳይኛም ሳይጠይቀኝ ያነጋገረኝ ሰው እሱ ነው።

ወደ ጥፋቴ ልግባ። ዛልቃ ሰፈር የነበረችው የመጀመሪያዋ ማዳሜ ያስተማረችኝ አንድ ሕግ አለ። ለፋሲካ ታዕዚል ሲደረግ፣ ያኒ ቤቱ ተገልብጦ ሲጸዳ፣ ከቦታው የሚነቀል ነገር ሁሉ ይታጠባል። የፕላስቲክ አበባው ይታጠባል፤ የመብራቱ ጌጥ አንድ በአንድ ወርዶ ይታጠባል። እኔም በሕጉ መሠረት የፊልሙን ሣጥን ከፈትኩት። አራተኛው ዲስክ ላይ የማርማላታ ጠብታ ደርቆ ተጣብቋል። በጨርቅ ብለው እምቢ አለኝ። ክሎር የሚሉትን በረኪና ጨመርኩና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግኩት። ማርማላታው ለቀቀ። ዲስኩ እንደ ድስት ክዳን አበራ። ኮርቼም ነበር። ማጫወቻው ውስጥ ሳስገባው አንድ ሁለቴ ተንቋቋ፣ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነና ቀረ።

ሙስዩ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አራተኛውን ነው። ክላይድ መሰላል ላይ ወጥቶ የሱቅ ስም የሚቀባበት ነው። በወር ሁለቴ ያዩታል። ቢያውቁ ወደ ኤጀንሲው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ እንደ ሌባ ሊያዩኝ ነው። የተበላሸውን ደበቅሁና በቦታው ስድስተኛውን አስገባሁ። ስድስተኛው ላይ ክላይድ ሀብታም ቤት ገብቶ ሾርባ ይጠጣል።

አራተኛው የሚታይበት ሐሙስ መጣ። ፊልሙ ተጀመረ። የሙስዩን ጩኸት ኩሽና በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

"አየሽ ሎራ" አሉ ሙስዩ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ "መሰላሉ ሊንሸራተት ነው።"

ክላይድ ሾርባውን በማንኪያ እያቀዘቀዘ ነበር።

ማዳሜ ምንጣፉን እያየች ሳቀች። የሙስዩ የአክስት ልጅ ሙስዩ ቶኒ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ከአራተኛ ፎቅ የምትወርደው ጎረቤታችን ማዳም ጆርጀት "ምስኪን፣ ሊወድቅ ነው" አለች።

ያኔ ገባኝ። የሙስዩ ዓይን ጠፍቷል። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ምስጢሩን ለብቻው የያዘ ይመስለዋል። እኔ ስለ ዲስኩ አፌን ብከፍት የሳቸው ዓይን አብሮ ሊገለጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ፈሪ ሰው ለፍርሃቱ የደግነት ቀሚስ መስፋት አያቅተውም። ሰውዬው የታወሩት ለእኔ ሲሉ ይመስል በየሐሙሱ አመሰግን ጀመር።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንድ እሑድ መዝረዓ ሰፈር የአገሬ ሴቶች በተከራዩት ክፍል ተሰብስበን ሳለ ወንበር ላይ ወጣሁና ሙስዩን ሆኜ አሳየኋቸው። እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ግድግዳ ላይ ተክዬ፣ "መሰላሉ!" አልኩ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያልሳቀችው የማዳም ጆርጀት ሠራተኛ ነስሪያ ብቻ ናት። ወሎዬ ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

"እስኬ" አለችኝ፣ "እኒህ ሰውዬ ሲያተኩስሽ ሌሊቱን ሻይ ሲያመላልሱልሽ ያደሩት አይደሉም?"

ከወንበሩ ወረድኩ። አጭር ወንበር ነበር፤ እኔ ግን ብዙ ወረድኩ።

እንግዲህ የዛሬው ሐሙስ። በአራት ሰዓት እንግዶቹ ተቀመጡ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ መጋረጃው ተሳበ፣ ሳሎኑ ጨለመ። ስድስተኛውን በአራተኛው ስም አስገባሁ። ሙስዩ ካሴታቸውን ከፈቱ። እኔና ነስሪያ ኩሽና በር ላይ በርጩማ ሳብን። ከኋላችን ያ አሮጌ ፍሪጅ እንደ ልማዱ ያቃስታል።

"ዛሬም ሾርባ ነው?" አለች ነስሪያ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"እኔማ ዝም ብያለሁ። ክላይድ እንኳ ጠግቧል እኮ፣ አንቺ ግን አልጠገብሽም።"

መልስ ሳልሰጣት መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ጄኔሬተር በግማሽ ደቂቃ ይተካል። ሁላችንም እሱን ጠበቅን። አልመጣም። የሙስዩ ቴፕ ግን በባትሪዋ ፒያኖዋን ትቀጥላለች።

"ይኸው" አሉ ሙስዩ በጨለማው ውስጥ፣ "ቀለሙን ይዞ መጣ።"

መብራት ሄደ ማለት የሚያህል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚለው ሰው ሌላውንም መናገር ሊኖርበት ነው።

"መሰላሉን ተመልከቱ" አሉ ሙስዩ።

ማዳሜ ሳቀች። ቀጥሎ ቶኒ ሳቀ፣ ጉልበቱን ሲመታ ተሰማ። ማዳም ጆርጀት "ምስኪን" አለች። እኔም ሳቅሁ። ማንም ሳቂ ሳይለኝ፣ ከኩሽና በር ላይ ሆኜ፣ ለጠፋ ቴሌቪዥን ሳቅሁ። ነስሪያ በርጩማዋን ከእኔ ትንሽ አራቀች።

"አሁን ባርኔጣውን ይፈልጋል" አሉ ሙስዩ።

"አገኘው" አለ ቶኒ።

"ፊቱን እዩልኝማ፣ ትሬ ቢያን" አለች ማዳም ጆርጀት በፈረንሳይኛዋ እያደነቀች።

ሙስዩ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ቴፑ ሰደዱና ተጫኑት። ቀጭ አለ። ፒያኖው ሲቆም ቤቱን የሞላው ጸጥታ የቴፑ ብቻ አልነበረም።

"ፍሪጁ ከቆመ ስንት ደቂቃ ሆነው?" አሉ። አልተቆጡም። ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። "እኔ ስድስት ብያለሁ።"

የቶኒ ወንበር አንዴ ተንቋቋ። ማዳሜ ስማቸውን ጠራች።

"ኸላስ፣ በቃ ሎራ" አሉ ሙስዩ። "እኔም ማወቃችሁን አላውቅም ብዬ ዕድሜ ልኬን ልቀጥል ነበር።"

ተነሣሁ። ኩሽና ገብቼ ጆንያውን አነሣሁ፣ ዲስኩን አወጣሁ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ ሳሎን ደረስኩ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"አራተኛው ይሄ ነው" አልኩ።

አውራ ጣታቸውን ከዳር ጀምረው በዲስኩ ፊት ላይ አዞሩት። ቸኩለው አልነበረም።

"ሽቦ ነው?" አሉኝ።

"ሽቦ ነው ሙስዩ። በክሎር።"

አንዴ ደግመው ዳሰሱትና ለማዳሜ አቀበሏት። ማዳሜ ዳሰሰችው፤ ለቶኒ ሰጠችው። ቶኒ ለማዳም ጆርጀት አሳለፈው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ዲስኩ እሷ እጅ ላይ ነበር፣ አውራ ጣቷ ጭረቱ ላይ። ፍሪጁ ማቃሰት ጀመረ፤ ቴሌቪዥኑ በራ። ቴሌቪዥኑን ያየ ሰው አልነበረም።