የአባዬ ሁለት ቁርጭምጭሚቶች

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። እኔም ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እሰፋለሁ፤ ስለዚህ ይሄን ጉድ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ልብስ ሰፊዎቹ በየዓመቱ ከሥጋ ሻጮቹ ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈናል። በረኛው ማን ሆነና? አባዬ! "ዘንድሮም ከተሸነፍን በሥጋ ቤቶቹ በር ዳግመኛ አላልፍም" ብሎ ምሏል። ታዲያ ጨዋታው ስምንት ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ "መጀመሪያ ሰውነትህን አሟሙቅ" ቢሉት፣ "እኔ ወጥ ነኝ እንዴ የምሞቀው?" አለና ዝም ብሎ ዘለለ። ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። አበጠ ከማለት ዳቦ ሆነ ማለት ይቀላል።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው አክስቴ መጣች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ እግር ሲታመም ግን ታላቅ ትሆናለች።

"በረዶውን በፎጣ ጠቅልለህ ሃያ ደቂቃ ያዝበት። እግርህን ትራስ ላይ ስቀል። ፋሻው ጣትህን ካደነዘዘው አላላው። በል ተኛ!"

"እሁድስ እጫወታለሁ?"

"ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶችህ እኩል ሳይሆኑ ኳስ የለም፣ ጋሼ።"

ምናለ ይሄን ባላለችው!

ከዚያ በኋላ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ እግሩ ላይ ቀረ። የደንበኛ ወገብ ለክቶ "ሰማንያ ስምንት" ይልና ወደ እኔ ጆሮ ጠጋ ብሎ "የኔ ሃያ አምስት ተኩል" ይለኛል። ጤነኛው ሃያ አራት ነው። ቅዳሜ ያበጠው ሃያ አምስት ላይ ድርቅ አለ።

እሁድ ጠዋት በጩኸት ቀሰቀሰን። "እኩል ናቸው! ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት!"

እማዬ ብርድ ልብሱን ገለጠች። "አንተ ሰውዬ! ይሄኛው ደግሞ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?"

ለካ የቁምጣ ወገብ ላይ የምንሰፋውን ላስቲክ፣ ጤነኛው እግሩ ላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮ አድሯል!

"ምን ላድርግ?" አለ አባዬ። "የሱሪ አንዱ እግር አልጠብ ካለ ሌላውን ማስፋት ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ!"

ላስቲኩን በመቀስ ቆረጥንለት። ግን ጫማ የሚገባለት እግር የለውም፤ እኛም በረኛ የለንም። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ።

"አንቺ ነሽ። ቁልፍ ሲወድቅ ትቀልቢ የለ?"

ሜዳ ላይ አክስቴ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰውነታችንን አሟሟቀችን። ዱብ ዱብ፣ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ጭን መሳብ። "ጎራዴ" የሚሉት የሥጋ ሻጮቹ አጥቂ ሆዱን ይዞ ሳቀብን። "ኧረ ልብስ ሰፊዎቹ ዳንስ ጀመሩ!"

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይሄው ጎራዴ ብቻውን መጣብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። "ዋይ ጭኔን!" የሚል ሰማሁ። ስገልጥ ኳሷ ቀስ ብላ እጄ ውስጥ ገብታለች፤ ጎራዴ ሳሩ ላይ ተዘርሯል። አክስቴ በረዶ ይዛ ሮጠች። ሁለት እግሩን ወንበር ላይ የሰቀለው አባዬ ሜትሩን እያውለበለበ፣ "ቆይ! ሳይቀዘቅዝ ልለካው!"

ባዶ ለባዶ ወጣን። አልተሸነፍንም!

"በሉ ደግፉኝ" አለ አባዬ። "አሁኑኑ በሥጋ ቤቶቹ በር ደረቴን ነፍቼ ማለፍ አለብኝ።"

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። "በየትኛው እግርህ?"